እናቴ ያልገባችበት ፎቶ

አንድ ፎቶ አለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የተነሳሁት ነው። አዲስ የትምህርት ቤት ቦርሳ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜያለሁ። ፀሐዩ ዓይኔን ስለወጋው ፊቴ ተጨማድዷል። በግራዬ የቆመ ሰው ትከሻዬን ይዞ ፈገግ ብሏል። እኔ ግን ካሜራውን አላይም። የማየው ወደ ቀኝ፣ ከፎቶው ውጪ ነው። እዚያ እናቴ ቆማ ነበር። «እናትየዋ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» ተባለች፣ ፈቀቅ አለች።

ቦርሳው ጥሩ ቦርሳ ነበር። የሰጡኝንም ሰዎች እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ደክመው፣ ከራሳቸው ቀንሰው፣ ልጅ ደስ ይበለው ብለው የመጡ ሰዎች ናቸው። ግን የዚያን ቀን እናቴን «አንቺስ ምን ቸገረሽ?» ያላት ሰው አልነበረም። ቢጠይቋት ኖሮ የሁለት ወር የቤት ኪራይ እንዳለባት ትነግራቸው ነበር። ምናልባትም አትነግራቸውም ነበር፤ የሰው ፊት እሳት ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቤቱን ለቀቅን። አዲሱ ሰፈር ከትምህርት ቤቴ በጣም ራቀ። መንፈቅ ዓመቱ እስኪያልቅ ከትምህርት ቀረሁ። ቦርሳው ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅሎ፣ ውስጡ ያሉት ደብተሮች እንኳ ሳይገለጡ ከረመ። እናቴ ቤት ስትጠርግ ቀና ብላ ታየውና ቶሎ ፊቷን ታዞራለች። ይሄንን አስታውሳለሁ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ስላለ ነው። ልጆችን እንርዳ ስንል ልጁን ከቤቱ ነጥለን ነው የምናየው። ልጅ ያሳዝናል፣ አንጀት ይበላል። አዋቂው ግን ጥያቄ ያስነሳብናል። ለምን አይሠራም? ለምን ይህን ያህል ወለደች? ያገኘችውን ምን አደረገችው? ስለዚህ ልጁን እናቅፍና እናትየዋን ፈቀቅ እናደርጋለን። ልጅ ግን ብቻውን አይደኸይም። የሚደኸየው ቤቱ ነው፣ ልጁም ሲመሽ ቦርሳውን ይዞ የሚመለሰው ወደዚያው ቤት ነው።

ድሃ የሚቆጠርበት መንገድ ራሱ ይህንኑ ይነግረናል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2025 የከፋ ድህነት መለኪያውን በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር ከፍ አድርጎታል። ዶላሩ በየአገሩ የኑሮ ዋጋ ተስተካክሎ ነው የሚሰላው። ከዚህ መስመር በታች የሚኖረው ሰው ወደ 800 ሚሊዮን ይጠጋል፣ ከ10 ሰው አንዱ ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ ልጆች ናቸው። ታዲያ አንድ ልጅ ድሃ ነው የሚባለው እንዴት ነው? ልጅ ደመወዝ የለው፣ ኪስ የለው። የቤቱ ወጪ ወይም ገቢ ተደምሮ በቤቱ ለሚኖረው ሰው ሁሉ ይካፈላል፣ በቃ። ከቁጥሩ ውስጥ ልጁን ብቻ መዝዞ ማውጣት አይቻልም።

ድህነትን ያልኖረበት ሰው ብዙ ጊዜ የማያየው ነገር ሒሳቡን ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ታሰላ ነበር። ልብስ እያጠበች ታሰላለች። እያወራናት ታሰላለች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እናያለን። ይህን ብከፍል ያ ይጎድላል፣ ያንን ብተው ልጁ ያመዋል፣ የእገሌን ዕዳ ለሳምንት ባስተላልፍስ? አንዳንዴ ሦስቴ ጠርተናት ነው የምትሰማን። ልጅ ሆኜ የተቆጣችን ይመስለኝ ነበር። ኋላ አንድ ጥናት ሳነብ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ተመራማሪዎች ሕንድ ውስጥ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ሁለት ጊዜ ፈተኗቸው፤ አንዴ ከምርት በፊት እጃቸው ባጠረበት ወቅት፣ አንዴ ደግሞ ምርቱ ተሽጦ ገንዘብ ሲገባ። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት ነው። እጁ ባጠረበት ጊዜ ግን ነገሮችን በሐሳቡ የማገናዘብ ፈተና ላይ በግልጽ ዝቅ ይላል፣ አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያህል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እናቴ ስንፍናም ሆነ የማሰብ ጉድለት አልነበረባትም። ሁልጊዜ እንዳልተኛ ሰው ሆና ነው ያሳደገችን።

እና ከዚህ ሁሉ ምን አወጣን?

አዲሱ ሰፈር ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። እናቴ «እትዬ» ነበር የምትላት፣ ከእሷ በዕድሜ ትበልጣለች። እትዬ ለእኛ ለልጆቹ ምንም ሰጥታን አታውቅም። በመንገድ ስታገኘን ጭንቅላታችንን ዳሰስ አድርጋ ታልፋለች፣ እሱ ነው። ወር ሲያልቅ ግን ማታ ማታ፣ እኛ ከተኛን በኋላ፣ በሩን በቀስታ ታንኳኳለች። ሁለቱ እየተንሾካሾኩ ያወራሉ። እኔ ወሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የሒሳብ ደብተሬን የመጨረሻ ገጽ ስገልጥ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አገኘሁ፣ የእናቴ እጅ ጽሑፍ። ጎናቸው ላይ የወር ስም አለ። አንዳንዶቹ ላይ መስመር ተሰርዞባቸዋል፣ አብዛኞቹ ግን እንደነበሩ ናቸው። ምን እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። እትዬ ከኪራዩ ላይ የጎደለውን ትሞላ ነበር። ስትሰጣት «ያዢ እስቲ፣ ሲኖርሽ ትመልሺልኛለሽ» ትላት ነበር አሉ። ስጦታ ብላ አታውቅም። እናቴም ለማኝ ሆና አታውቅም።

ከስድስት ወር በኋላ እትዬ ሌላ ነገር አመጣች። ያልተጨረሱ ልብሶች በፌስታል፣ ቁልፍ ያልተተከለላቸው። እናቴ ማታ ማታ ቁልፍ መትከል ጀመረች። ከዚያ ጠርዝ መጥለፍ። ከዚያ በእትዬ መኪና ላይ ቁጭ ብላ መስፋት፣ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሸሚዝ እንዳበላሸች ራሷ ነግራኛለች፣ እትዬም ምንም አላለቻትም። እኔ ትምህርት ቤት የተመለስኩት በዚያ ዓመት ነው። ቦርሳዬን ከሚስማሩ አወረድኩት።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እትዬ ያደረገችው ነገር በጥናት የተፈተነ መንገድ ነው፣ እሷ ባታውቀውም። ብራክ የሚባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 እጅግ ድሃ ለሆኑ ቤተሰቦች አንድ ፕሮግራም ጀመረ። ለቤተሰቡ ገቢ የሚያመጣ ነገር ይሰጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንስሳ። አያያዙን ይማራል። እንስሳው እስኪደርስ ለዕለት ጉርስ የምትሆን ትንሽ ድጎማ አለች፣ አለበለዚያ ልጅ ሲርበው እንስሳው ይሸጣላ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው በየጊዜው ቤታቸው እየመጣ እንዴት ነው ነገሩ፣ የት ደረሳችሁ ይላል። ይህ አሠራር በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ ከ10 ሺህ በላይ በሆኑ ቤተሰቦች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ድጋፉ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ኑሮ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ቦታ እኩል አልተሳካም፤ ሆንዱራስ ውስጥ የተሰጡት ዶሮዎች በበሽታ አለቁና ውጤቱ ደከመ። ይህንንም መናገር ያስፈልጋል። አንድ በሽታ የአንድን ቤት ተስፋ ሊያጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ሰጥቶ መሄድ የማይበቃው፣ ዶሮው ሲሞት አጠገባቸው ያለ ሰው ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ገንዘብ እጃቸው ላይ ብታደርግ ያባክኑታል፣ ይጠጡበታል፣ ስለዚህ ለልጁ ዕቃ ገዝቶ መስጠት ይሻላል ይባላል። ጥያቄውን የሚያነሱት ጨካኞች አይደሉም፣ እኔም ጠይቄዋለሁ። ግን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አህጉራት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ ገንዘብ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣውን ወጪ እንደማይጨምር ነው ያገኙት። እንዲያውም ብዙ ቦታ ላይ ወጪው ቀንሷል። አዎ፣ የሚያባክን አባት አለ። በሀብታም ቤትም አለ። ስለ አንድ ሰው ብለን የአንድ ሺህ እናቶችን እጅ አለማመናችን ነው የሚያሳዝነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በምንም ያሳደገችን ሴት ገንዘብ መያዝ አታውቅም ብሎ ማሰብ እንዴት ይቻላል?

ስለ ትንንሾቹ ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከእርግዝና እስከ ሁለተኛ ልደት ያለው ጊዜ፣ 1 ሺህ ቀን ያህል ነው፣ የልጅ አካልና አእምሮ መሠረት የሚጣለው ያኔ ነው። በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 150 ሚሊዮን የሚሆኑት በምግብ እጥረት የተነሳ ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ፣ የቀነጨሩ ናቸው። ይህን ስሰማ ድሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። አንዴ ካለፈ አለፈ ማለት ነው ብዬ። ከዚያ የጃማይካውን ታሪክ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኪንግስተን ከተማ ውስጥ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በጥናት ተያዙ። ለተወሰኑት የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት ቤታቸው ትመጣ ነበር። መጥታ ምን ታደርጋለች? እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት፣ እንዴት እንደምታወራው ታሳያታለች። መጫወቻዎቹ እንኳ ቤት ውስጥ ከተገኘ ነገር የተሠሩ ናቸው። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙ፣ ጉብኝቱን ካላገኙት እኩዮቻቸው 25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው።

በሳምንት አንድ ሰዓት። እናትየዋን ፈቀቅ ሳያደርጉ፣ ይልቁንም ከልጇ ጋር መሐል ላይ አስቀምጠው።

በጣም ከባዱ ነገር ግን ድህነት ልጅን ከቤቱ ሲያስወጣ ነው። በዓለም ዙሪያ በሕፃናት ማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ወላጅ እያላቸው ነው እዚያ የገቡት፣ ብዙዎቹ ቤቱ ስለቸገረው ብቻ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው መመሪያ ላይ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ፣ ይልቁንም ቤተሰቡ መደገፍ እንዳለበት ምልክት ሆኖ መታየት እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 27 ላይ መንግሥታት ወላጆችን ያግዙ ነው የሚለው። ሕጉ ልጅንና ወላጅን አንድ ላይ ያያል ማለት ነው። የሚነጣጥላቸው የእኛ ልማድ ነው። እናቴም አንድ ማታ፣ ኪራዩ ያለፈ ሰሞን፣ ታናሽ እህቴን ለሆነ ቦታ ልትሰጥ አስባ እንደነበር ከብዙ ዓመት በኋላ ነግራኛለች። ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቆረጠ። እኔም ሌላ አልጠየቅኳትም።

ስለ ፎቶ ደግሞ። አሁን አሁን ስልክ ሁሉም እጅ ላይ አለ። ልጅ ጫማ ሲቀበል ይቀረጻል፣ እናት ስታለቅስ ይቀረጻል፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሰው አይቶ እንዲሰጥ ነው ይባላል፣ ይህ እውነት ነው፣ ይሰጣልም። ግን ያ ልጅ ነገ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላዋል። የክፍል ጓደኞቹ ያንን ቪዲዮ ያገኙታል። እትዬ በሌሊት የምታንኳኳው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ገመናችንን እየሸፈነችልን ነበር። እባካችሁ፣ ስትሰጡ ፊት አታሳዩ። ይህንን የምለው በዚያ በኩል የቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ይህን ሁሉ አውቄም ግን፣ እኔው ራሴ ያንኑ ስህተት ሠርቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ተዋወቅኩ። አስተማሪው ናት የነገረችኝ። ጎበዝ ነው፣ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቀራል አለችኝ። እኔም ሮጥኩ። ደብተር ገዛሁ፣ እስክሪብቶ ገዛሁ፣ ጫማ ገዛሁ። ቦርሳም ገዛሁ። ልጁ በጣም ደስ አለው። ከዚያም በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ቀን ቀረ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ትንሽ ተከፋሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ይህን ሁሉ አድርጌለት ብዬ አሰብኩ። ቤቱ ሄድኩ።

እናቱ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። ከእኔ በዕድሜ አታንስም፣ ግን «እርስዎ» ነው የምትለኝ። ልጁ ለምን እንደሚቀር ጠየቅኳት። አቀርቅራ ቆየችና እንዲህ አለችኝ።

«ደብተር አላነሰውም፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያመጡለትም ገና አላለቀም። እኔን የቸገረኝ ትንሿን የሚይዝልኝ ሰው ነው።»

አንድ ዓመት ተኩል የሆናት ሕፃን ነበረቻት። እናትየዋ የቀን ሥራ ነው የምትሠራው። ሥራ ያገኘች ዕለት ልጁ ቤት ቀርቶ እህቱን ይጠብቃል። ሥራ ያጣች ዕለት ትምህርት ቤት ይሄዳል። እንግዲህ አስቡት፣ ለቤቱ ጥሩ የሆነው ቀን ለልጁ መጥፎ ቀን ነው። ልጁ የተማረበት ቀን ቤቱ ጾሙን ያደረበት ነው። አሥር ቦርሳ ብሰጠው ይህ አይፈታም ነበር። እናቴ ፎቶው ውስጥ እንዳትገባ ያደረጓትን ሰዎች ለዓመታት ስታዘብ ኖሬ፣ እኔም አንዲት እናት ሳልጠይቅ ሳምንታት አሳለፍኩ።

አካባቢው ላይ ሕፃናት የሚውሉበት ማቆያ ነበር። የወር ክፍያው እኔ ለልጁ ዕቃ ከማወጣው ብዙም አይበልጥም። ተነጋገርን። የመጀመሪያዎቹን ወራት እኔ ልክፈል፣ ሥራው ሲረጋ እሷ ትረከባለች አልን። «ሲኖርሽ ትመልሺልኛለሽ» አልኳት፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ሕፃኗ ማቆያ ገባች። ልጁ መቅረት አቆመ። እናትየዋ በየቀኑ መሥራት ስለቻለች፣ ቀጣሪዎች የማይቀር ሰው ይወዳሉና፣ በአምስተኛው ወር አንድ ቢሮ ውስጥ በጽዳት በቋሚነት ተቀጠረች።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ልጁ የቀረበት ትምህርት ብዙ ስለነበር በዚያ ዓመት ክፍል ደገመ፣ አልቅሷል። ቤታቸው አሁንም ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል። የሕፃኗ አባት ወሬው የለም። ግን በስድስተኛው ወር የማቆያውን ክፍያ ልልክ ስል ተከፍሏል አሉኝ። እናትየዋ ቀድማ ከፍላለች፣ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም።

እንኳን ደስ አለሽ ልላት ቀን ላይ ደወልኩ። ከኋላዋ የባልዲና የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ይጠራታል፣ ትቻኮላለች።

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለችኝ፤ «ማታ እኔው ልደውልልህ።»

ልደውልልህ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን «አንተ» ብላኝ አታውቅም።

ማታ ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ ጠበቅኩ። አልደወለችም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።